የኡካው ቴርሞስታት

ጡረታ የወጣሁት ባለቤቴ ግርማ ታሞ በተኛበት ክረምት ነው። መሥሪያ ቤቱ በለስላሳ፣ በዳቦና በአንድ ብርድ ልብስ ሸኘኝ፤ ብርድ ልብሱን እቤት እንደገባሁ እሱን አለበስኩት። አሁን እሱም የለም፣ ሥራውም የለም። ጠዋት ስነሳ እጄ የሚይዘው ስላጣ እስክሪብቶ አስያዝኩት። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። አንዳንድ ቀን ጥቂት መስመር ጽፌ ዓይኔ ሲሞላ እተወዋለሁ፤ በማግስቱ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።

የሥራ ዘመኔ ያለፈው ጫጩት በማሳደግና ሰዎች ጫጩት እንዲያሳድጉ በማስተማር ነው። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። «ዶሮ ማሳደግ ደግሞ ትምህርት ሆነ!» ይሉኛል። እናቱ የታቀፈችው ጫጩት በእርግጥ አስተማሪ አያስፈልገውም። በማሽን የተፈለፈለው ግን ክንፏን ዘርግታ የምታሞቀው እናት ስለሌለችው ክፍሉ ራሱ እናት መሆን አለበት። የእኛ ሥራ ክፍሉን እናት ማድረግ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት ጎሬ ነው። ብዙም ሳልቆይ መቱ ወደሚገኘው የጫጩት ማሳደጊያ ጣቢያ ተዛወርኩ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ደርሶ ያልቅ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ጽሕፈት ወደ ኦሮምኛ ሲዞር እኔ የተማርኩት በአማርኛ ስለነበር ቁቤ የሚባለውን የላቲን ፊደል ከልጆች ጋር ተቀምጬ እንደ አዲስ አጠናሁ። እነዚህን ሁሉ አሁን ሳስባቸው ቀላል ነበሩ።

ሥራውን ያስተማሩኝ የጫጩት ቤቱ ኃላፊ ጋሼ መኮንን ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። ጫጩት ቤት ሲገቡ እንደ ሰው ቤት በሩን ያንኳኳሉ። ጫጩት ድንገት ሲደነግጥ አንዱ በሌላው ላይ ይከመርና ከሥር ያለው ታፍኖ ይሞታል፤ ቀስ ብለው ካንኳኩ በኋላ ሲገቡ ግን ቀና ብሎ ያያል እንጂ አይሮጥም። ከዚያ ይንበረከካሉ። ቴርሞሜትር የሚያዩት ጫጩቶቹን ካዩ በኋላ ነው። ተጠጋግተው ከተኮለኮሉ በርዷቸዋል፤ ከማሞቂያው ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፤ እንደ ተዘራ እህል በክፍሉ ሁሉ ከተበተኑ ደህና ናቸው።

«ወርቄ፣ ስንት ይላል?» አሉኝ በመጀመሪያው ሳምንት።

«ሠላሳ ሦስት፣ ጋሼ።»

«የማን ሠላሳ ሦስት?»

«የክፍሉ ነዋ።»

«ያነበብሽው የግድግዳውን ነው። ጫጩቶቹ ግድግዳ ላይ ነው እንዴ የተሰቀሉት? ዝቅ በይ።»

አዲስ ቴርሞሜትር ሲመጣ ከመጠጥ ቤት በረዶ ያስመጡና አድቅቀው ከውኃ ጋር ይቀላቅሉና ቴርሞሜትሩን ይነክሩበታል፤ ዜሮ ካላለ ይመልሱታል። በረዶ ሲጠፋ ብብታቸው ሥር ይዘውት ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ከዞን የመጡ እንግዶች እንደዚያ ሆነው አግኝተዋቸው «ምነው ጋሼ፣ አመመዎት?» ሲሏቸው «እኔ ደህና ነኝ፤ የምመረምረው እሱን ነው» ብለው ቴርሞሜትሩን አውጥተው አሳዩአቸው።

ግርማን ያመጣው ቴርሞስታት ነው። ቴርሞስታት መዳፍ የምታህል ነጭ ሳጥን ናት። በውስጧ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ ስስ ብረት አለ። ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይህ ብረት ይፍታታል፣ ይጠቀለላል፤ በዚያ እንቅስቃሴው የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን ያጠፋል፣ ያበራል። ችግሩ እሷ የምታውቀው የተሰቀለችበትን ቦታ ሙቀት ብቻ መሆኑ ነው። የእኛዋ ማሞቂያውን ቶሎ እያጠፋች ጫጩቶቹን በብርድ ታስፈጅብን ጀመር። ግርማ የሚባል ወጣት ኤሌክትሪሽያን ተጠርቶ መጣና በሌላ ቀየራት። ያችም እንደዚያው ሆነች። ሦስተኛ ሊቀይር ሲል ጋሼ መኮንን ትከሻውን ያዙት።

«ተንበርከክ።»

«ምነው ጋሼ፣ ሽማግሌ ሆነው ሊያስታርቁኝ ነው?»

«ለሽማግሌው ኋላ ትደርሳለህ። አሁን ከጫጩቶቹ ጋር እኩል ሁንና እጅህን ዘርጋ።»

ዘረጋ። ከታች ብርድ ነበር። ተነስቶ እጁን ቴርሞስታቷ ዘንድ ሲያደርግ ሞቅ ያለ አየር አገኘው። የተሰቀለችው ከማሞቂያው በላይ ነበርና ወደ ላይ የሚወጣው ሙቀት በቀጥታ ያገኛታል፤ ክፍሉ ሁሉ የሞቀ ይመስላታል። ግርማ ነቅሎ ወደ ሌላው ግድግዳ ወሰዳት፤ ነገሩ አለቀ።

«ሁለት ጤነኛ ዕቃ በሽተኛ አልኩ እኮ» ብሎ ራሱን ያዘ። ከዚያ በኋላ ደህና የሆነችውን ቴርሞስታት «እስቲ ልያት» እያለ መመላለስ አበዛ። ለሽምግልና እኛ ቤት የላካቸው ጋሼ መኮንንን ነው።

ጋሼ መኮንን ለሁለታችንም ያወረሱን አንድ ልማድ አለ። ማሞቂያ ከተከሉ በኋላ ሥራ አለቀ አይሉም ነበር። በርጩማ ስበው ይቀመጡና ቴርሞስታቷ በራሷ ጊዜ «ቀጭ» ብላ ማሞቂያውን እስክታጠፋ ይጠብቃሉ። «ማብራትማ ማንም ያበራል» ይሉ ነበር፤ «ማጥፋቷን ሰምተህ ሂድ።»

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ብዙ አለቆች ተፈራረቁብን። አንደኛው ስብሰባ ይወድ ነበር፤ ሌላው ጥሩውን ቴርሞሜትር «ያምራል» ብሎ ቢሮው ውስጥ ሰቀለው። ቀጥላ የመጣችው ሴት ግን ሥራ ወዳድ ነበረች፤ «ጫጩቱን ወደ ሰው ቤት እናውጣው» አለች። በየከተማው አንድ አንድ ቤት ተመርጦ ማሞቂያና ቴርሞስታት ይተከልለታል፤ የሠመረለት ለጎረቤቶቹ ያስተምራል። ተከላው ለግርማ ተሰጠ፤ ማስተማሩ ለእኔ። እንደዚያ ዓመት ደስ ብሎን አያውቅም። ሁሩሙ፣ ጎሬ፣ ኡካ፣ ዳሪሙ አብረን እንሄዳለን፤ መኪና በማይገባበት ሽቦውን እሱ ተሸክሞ፣ ቴርሞሜትሮቹን እኔ በነጠላዬ ጠቅልዬ በእግር እንጓዛለን። ግርማ ኡካ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ለመክፈት ያስብ ነበር። ቦታ ሁሉ አይቶ ነበር።

ኡካ የተመረጠችው አዴ ጫልቱ ናት። ባሏ ሞቶባት ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር በባሏ ወንድም በኦቦ ተሰማ ግቢ ትኖር ነበር። ኦቦ ተሰማ በቆሎ የሚያስቀምጥበትን ክፍል ባዶ አድርጎ ሰጣት፤ ሲሰጣት ግን እኛው ፊት እንዲህ አለ፦

«አንድ ጊዜ ትሞክር። በእሷ ጥፋት ከሞቱ ግን በቆሎዬን መልሼ አስገባለሁ፤ እሷም ልጆቿን ይዛ ወደ እናቷ አገር ትሄዳለች። ይኸው፣ መንግሥትም ይስማ።»

«መንግሥት» የተባልነው ግርማና እኔ ነን።

ግርማ ቴርሞስታቷን ከማሞቂያውም ከበሩም ርቆ፣ ዝቅ ባለ ቦታ ግድግዳው ላይ ሰቀላት። ማጥፋቷን ሰማን፤ ደግሞ ስትበራ ሰማን። በሁለት ቴርሞሜትር አመሳከርን፤ ልክ ነበረች። ጫጩቶቹ ሲደርሱ እንመጣለን ብለን ተመለስን።

ጫጩቶቹን በካርቶን ጭነን ስንመለስ ክፍሉን አላወቅነውም። ግድግዳው አዲስ ጭቃ ተመርጎ፣ በነጭ አፈር ተለቅልቆ፣ ከሥሩ በቀይ አፈር ተከቧል። በቴርሞስታቷ ዙሪያ በጣቷ ጫፍ ተጠንቅቃ ነው የለቀለቀችው፤ ሳጥኗ ላይ ጠብታ አልነበረም።

«አዴ ጫልቱ፣ እንዴት ያምራል!» አልኳት።

«እንግዳ በአሮጌ ግድግዳ ይቀበላሉ እንዴ፣ እትዬ ወርቄ?»

«እንግዳዎቹ እኮ ጫጩቶች ናቸው» አለ ግርማ።

«ይሁኑዋ! ቤት የሚያቀኑልኝ እነሱ አይደሉም?»

ማሞቂያውን አበራን። ጫጩቶቹን አንድ በአንድ ምንቃራቸውን ውኃ እያስነካን ለቀቅናቸው። ግርማ በርጩማ ሳበ። ውጭ ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል።

«ጋሼ ግርማ! ደመናውን አላዩም? ጭቃው ላይ ሊያሳድሩኝ ነው?»

ክፍሉ ገና ቀዝቃዛ ስለነበር ማሞቂያው ሳይጠፋ መቆየቱ ትክክል ነበር። ግርማ ትንሽ ጠበቀ። ሹፌሩ ደግሞ ነፋ። «ባለፈው ሰምቻታለሁ፣ ትሠራለች» ብሎ ተነሳ። እኔም ተነሳሁ። ከመውጣቴ በፊት አዴ ጫልቱን «በሩን ቶሎ ቶሎ አትክፈቺ፣ ብርድ ይገባባቸዋል» አልኳት። ለሁሉም የምለው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኡካ ድረሱ የሚል መልእክት መጣ። በሩን ስንከፍት ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ፊታችንን መታን። ጫጩቶቹ በበሩ ሥር ባለችው ቀዳዳ፣ ትንሽ አየር በምትገባበት፣ ተከማችተው ምንቃራቸውን ከፍተው ሞተዋል። የተረፉት በጣም ጥቂት ናቸው። አዴ ጫልቱ ያደረችው ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነው። ድምፃቸው ሲቀንስ ተኙ ብላ ደስ አላት። በሩን እንዳልከፍት ተብያለሁ ብላ አልከፈተችም።

ሁላችንም ወጥተን ግርማ ብቻውን ገባ፤ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ቴርሞስታቷን ከፈታት፤ አቧራ የለም፣ ሽቦው አልላላም፣ አልተንጋደደችም። ሁለት ቴርሞሜትር ተቀበለኝ። አንዱን በጫጩቶቹ ቁመት ክፍሉ መሃል አንጠለጠለ፣ አንዱን ግድግዳው ላይ አስጠጋ፤ የመሃሉ እጅግ ከፍ ብሎ የግድግዳው ዝቅ አለ። ከዚያ ሳጥኗን ከግድግዳው ነቅሎ ሽቦዋ እስከደረሰ ወደ መሃል አወጣት። ጥቂት ቆይታ «ቀጭ» ብላ ማሞቂያውን አጠፋች። መልሶ ግድግዳው ላይ ለጠፋት፤ ቆይታ አበራች። መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ሲያነሳው ርጥብ ነበር፤ ሱሪው ላይ ጠረገና አየኝ። ገባኝ። አዲሱ ጭቃ ገና አልደረቀም። እየደረቀ ያለ ጭቃ ቀዝቃዛ ነው፤ ቴርሞስታቷ ጀርባዋን ለእሱ ሰጥታ ክፍሉ የቀዘቀዘ መስሏት ሌሊቱን ሁሉ ስታሞቅ አደረች።

ኦቦ ተሰማ ጎረቤት አስከትሎ በሩ ላይ ደረሰ።

«እህ? ምንድን ነው የፈጃቸው? እሷ ናት?»

ግርማ ወዲያው መለሰ። «እሷ ምን አደረገች? መሣሪያው ነው። የተበላሸ መሣሪያ ሰቅዬባት ሄድኩ። ሳላጣራ የሄድኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ አንዱ ከኋላ «መቼም የመቱ ኤሌክትሪሽያን ሳያርድ፣ ሳይገነጥል ይጠብሳል!» አለ። በዚያ ሁሉ ሐዘን መካከል ሰው ሳቀ። ግርማም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኡካ ላይ ስሙ «ጠባሹ» ሆነ።

መኪናው ውስጥ በዝግታ ተጣላን፤ ሹፌሩ እንዳይሰማ።

«ለምን እውነቱን አልተናገርክም?»

«ማጥፋቷን ሳልሰማ ሄጃለሁ። ያ የእኔ ነው።»

«ግድግዳውስ?»

«ግድግዳውን እሷ ከተሸከመችው ልጆቿን ይዛ ከግቢ ትወጣለች። ሰውየው ሲናገር ሰምተሽዋል። እኔ ብሸከመው ምን አጣለሁ? ይስቁብኛል። ይሳቁ።»

ጣቢያው ሌላ ጫጩት ተካላት። ግርማ «አዲስ መሣሪያ» ብሎ ያችኑ ሳጥን ወስዶ ከጣሪያው ወራጅ በገመድ ክፍሉ መሃል አንጠለጠላት። ማጥፋቷን እስኪሰማ ማንም ጥሩምባ ቢነፋ አልተነሳም። ጫጩቶቹ አደጉ። አዴ ጫልቱ ከግቢው አልወጣችም፤ ልጆቿን ከዚያው ሆና አስተማረች። ግርማ ግን ያጣው ሳቅ ብቻ አልነበረም። ኡካ ላይ ለቤቱ የመብራት መስመር የሚያስዘረጋው ጠፋ፤ የሱቁ ነገር እንደታሰበ ቀረ። መቱ ተቀምጦ የተቃጠለ ምድጃ ሲጠግን ኖረ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ግን ይህ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሌሎቹን ቤቶች ሳጥኖች «ለምን አወረዳችሁ?» እንዳንባል ግድግዳው ላይ ትተን፣ በየሄድኩበት «ግድግዳ አትለቅልቁ» እላለሁ። «ለምን?» ሲሉኝ ምክንያቱን ካስረዳሁ የኡካውን ነገር ይደርሱበታል ብዬ እፈራና «መመሪያ ነው» እላለሁ። ምክንያት የሌለው መመሪያ ደግሞ ሰው ጆሮ አይገባም። ዳሪሙ ላይ አንዲት እናት መመሪያውን ትታ ልማዷን ያዘች፤ እንግዳ መጣብኝ ብላ ግድግዳዋን አሳመረች። ስደርስ የሞቱትን ጫጩቶች በሙዳይ ሰብስባ ጠበቀችኝ። «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ያን ቀን እውነቱን ለብቻዋ ነገርኳት። ለእሷ ግን ዘግይቷል፤ ሁለተኛ ጫጩት አልወሰደችም። ለግርማ ስነግረው ምሳውን ሳይበላ ተነሳ። «ኦቦ ተሰማ በሕይወት እያለ አንናገርም» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ መጀመሪያው የጸና አልነበረም። ሁለታችንም አንድ ሴት ስናድን ሌላዋን እንደጎዳን እናውቅ ነበር፤ ተቀምጠን ግን አልተነጋገርንበትም። ዓመታት አለፉ። እሱም ታመመ።

በግርማ አርባ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ከኡካም ሰው መጣ። አዴ ጫልቱ ከታላቋ ልጇ ጋር መጥታ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች። ምግቡ ቀርቦ ሰው ወሬ ሲጀምር አንድ የኡካ ሰው፣ ክፉ ሳያስብ፣ «ጠባሹን ነፍሱን ይማረው፤ ያን ሁሉ ጫጩት ፈጅቶ እንኳ ሳቂታ ነበር» አለ። ጥቂቶች አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። እኔ የያዝኩትን ሰሃን አስቀመጥኩ። ምን ልል እንደነበር አላውቅም፤ አዴ ጫልቱ ቀደመችኝ።

«እሱ አልፈጀም» አለች ቆማ። «የፈጀሁት እኔ ነኝ። ግድግዳውን ጭቃ የመረግሁት እኔ ነኝ። ርጥቡ ነው መሣሪያውን ያሳሳተው። መዳፉን ግድግዳው ላይ ሲያሳርፍና ሱሪው ላይ ሲጠርግ በመስኮት አይቼዋለሁ። ያኔውኑ ገብቶኛል። እሱ ሲሸፍንልኝ ዝም አልኩ፤ ልጆቼን ይዤ የት እሄዳለሁ?»

«እማ» አለች ልጇ፣ ነጠላዋን እየሳበች።

«ተይኝ። ኦቦ ተሰማ ካረፈ ዓመት አልፎታል። ያኔ መምጣት ነበረብኝ። ቡናው ይለቀም አልኩ፤ ከዚያ ፋሲካ ይለፍ አልኩ፤ ከዚያ ዝናቡ ያባራ አልኩ። ያ ዋቆ፣ ፈጣሪዬ! እንደሚሞት ማን ነገረኝ?»

የቀለደው ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ከሴቶቹ በኩል ዶሮ የምታረባ አንዲት ወጣት «ታዲያ የተለቀለቀ ቤት ውስጥ ምን ይደረጋል?» ብላ ጠየቀች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ በዚያ ሁሉ ዓመት በሰው ፊት ያልተናገርኩትን ተናገርኩ፦ ርጥብ ግድግዳ ለምን እንደሚቀዘቅዝ፣ ሳጥኗ ለምን ከግድግዳ ርቃ መሃል መንጠልጠል እንዳለባት፣ ማጥፋቷን ሳይሰሙ ለምን ከክፍሉ እንደማይወጣ።

«ይህን ማን ደረሰበት?» አለች ወጣቷ።

«ግርማ» አልኳት።

ሰው ወደ ሌላ ወሬ ሲመለስ አዴ ጫልቱ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ተቀይመውኛል፣ እትዬ ወርቄ?»

ግርማ ቢሆን አልተቀየምኩም ይላት ነበር። እኔ ግን የታየኝ እሱ ይህን ቃሏን ሳይሰማ መሞቱ ነበር።

«አዎ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ተነስታ ግን አልሄደችም። ነጠላዋን አገልድማ ከሴቶቹ ጋር ሰሃን ስታጥብ ዋለች፤ እኔም ተይ አላልኳትም።